በሃምሳው የበላነው ሽሮ

ልጅ እያለሁ የምንኖርበት ቤት የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደክሜአለሁ። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅቶ፣ ከባንክ በተበደረው ገንዘብ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ያለው የቆርቆሮ ቤት ሠራ። የገባን ዕለት የግድግዳው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። እርጥብ ጭድና አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል። እየተሯሯጥኩ ሁለቱንም ክፍል ካየሁ በኋላ አባቴን «ይሄ ሁሉ የእኛ ነው?» አልኩት። አባቴ በቁጥር ነገር መዋሸት የማይሆንለት ሰው ስለነበረ «ገና ነው፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ የባንኩ ነው» አለኝ።

ባንኩን አውቀዋለሁ። ዋናው መንገድ ላይ፣ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ የሚቆምበት ቤት ነው። እሱ እንዴት ከእኛ ጋር እንደሚኖር ግን አልገባኝም። በማግስቱ «የትኛው ነው የእሱ?» ብዬ አባቴን ያዝኩት። ትንሽ አሰበና በጣቱ እየጠቆመ «ከበሩ እስከዚህ መስኮት ድረስ የእኛ ነው በይ፤ የቀረው የእነሱ» አለኝ። እሱ ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ በኩል ተጠንቅቄ እየሄድኩ፣ በባንኩ በኩል ግድግዳውን በሚስማር መሞነጫጨር ጀመርኩ። ከሰል የነካ እጄንም የምጠርገው እዚያ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ይዛኝ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ የባንኩ ግድግዳ መሆኑን ነገርኳት። እጄን ጎትታ እያጠበችኝ «ግድግዳው የማንም ይሁን፣ የምለቀልቀው እኔ ነኝ» አለችኝ።

እናቴ ይታይሽ ትባላለች። ከገሳይ ወዲያ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚያመርቱ ገበሬዎች ቤት የመጣች ናት። ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የብድሩን ውል አባቴ ነበር የሚያነብላት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ ከበላን በኋላ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያስረዳት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

«ወለዱ በየቀኑ ነው የሚታሰበው» አላት።

«እሁድም?»

«እሁድም።»

«በማርያምስ?»

«በማርያምም።»

«በስቅለት ዕለትስ?»

አባቴ ሣቀ። «ይታይሽ፣ ባንክ እኮ ታቦት የለውም።»

እናቴ አልሣቀችም። እሷ ያደገችው በበዓል ቀን ሞፈር በማይነሳበት፣ ወፍጮ በማይፈጭበት ቤት ነው። «እንግዲያው እኛ በዓል አክብረን ስንቀመጥ እሱ እኛ ላይ ሲሠራ ይውላል» አለች። ውሉን ከእጁ ወስዳ አጠፈችው። ዕዳው የአሥራ አምስት ዓመት ነበር። በሰባት ዓመት እንደምንጨርሰው ነገረችውና ዕቃ ልታጥብ ተነሣች። አባቴ በማግስቱ ባንክ ሄዶ ቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል አሉት። መስኮቱ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ይህን የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው አባቴ መሆኑን ነግሮታል።

ከዚያ በኋላ ከቤታችን ነገሮች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። እኔም ወዴት እንደሄዱ እመረምር ነበር። ስኳር ከሻይ ውስጥ ጠፋ። ሳሙና ጠፋና እናቴ ልብሳችንን በእንዶድ ታጥበው ጀመር፤ አረፋው ከሳሙና አረፋ ይበልጥ ነበር፣ አፍንጫዬን ግን ያስነጥሰኛል። የአባቴ ሱሪ ሲያረጅ ተገልብጦ ተሰፋና የውስጡ ወደ ውጭ ወጣ። ያረጀ ግራጫ ሹራቡና የእናቴ ቀይ ሹራብ ተተርትረው ለእኔ አንድ ባለ ሁለት ቀለም ሹራብ ሆኑ። ስትተረትር ክሩን በሁለት እጄ ዘርግቼ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ድንች በሚረክስበት ወቅት በጆንያ ገዝታ በጓሮ በኩል አፈር ውስጥ ትቀብረውና እስከ ክረምት እየቆፈርን እንበላ ነበር። ይህ ሁሉ ለእኔ ችግር አልነበረም። ለሰው እንዳልናገር ተነግሮኛል፤ ስለዚህ እኛ ብቻ የምናውቀው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የፈራችው ዘመዶቿን ነበር። ከጊዜው በፊት ለባንክ የሚከፍል ሰው የተረፈው ሀብታም ነው ብለው ብድር ፍለጋ ከገሳይ ይመጣሉ ብላ ነው።

መልስ ያጣሁለት ቅቤው ብቻ ነበር። አያቴ ከገሳይ በየሁለት ሳምንቱ ቅል ሙሉ ቅቤ ትልክልን ነበር። ቅሉ ሲገባ አየዋለሁ፣ ይሸተኛል። ወጡ ውስጥ ግን አይገባም። ለምን ብዬ ስጠይቅ እናቴ «ጾም ነው» ትለኛለች።

በእኛ አገር ከዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጾም ስለሆነ መልሱ ለረጅም ጊዜ አጠገበኝ። የጀመረችው በጽጌ ነበር። የጽጌ ጾም በፈቃድ ነው፤ በሰፈራችን የሚጾሙት ካህናትና አሮጊቶች ነበሩ። ጽጌ ሲያልቅ ብዙ ሳይቆይ የነቢያት ጾም ገባ። ከገና በኋላ ደግሞ ስእለት አለብኝ አለች። ከዚያ ነነዌ፣ ከዚያ ሁዳዴ። አባቴ የቀረበለትን የሚበላ ሰው ስለሆነ ምንም አላለም። ጎረቤቶቻችንም እናቴን እየመረቁ «ይታይሽ እኮ ለነፍሷ አደረች» ይሉ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። አንዲት ዶሮ ታረደች፣ ሰኞ አለቀች፣ ማክሰኞ ሽሮ ተመለሰ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ጾም የሌለባቸው መሆኑን እኔም አውቅ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ሰፈሩ በሙሉ የተነጠረ ቅቤ ይሸት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የየቤቱን ሽታ እየለየሁ ነበር የምመጣው፤ እኛ ቤት ስደርስ ሽሮ ይሸተኛል።

ከእኛ ጋር በእንጨት አጥር የምትዋሰነው እትዬ ባንቻየሁ ነበረች። አጥሩ ስስ ስለነበረ ስንት ድንች እንደቆፈርን ማየት ትችላለች። በሃምሳው ሁለተኛ ሳምንት እሳት ልትጭር ገባችና ዓይኗ ድስቱ ላይ ዐረፈ።

«ምነው ይታይሽ፣ በሃምሳው?»

እናቴ ዛሬ ቅቤ የለኝም ብላ ልታሳልፈው ትችል ነበር። ግን ደነገጠች፤ ለወራት የለመደችው መልስ አፏ ላይ መጣ። «ለነፍሴ ነው» አለቻት።

እትዬ ባንቻየሁ እሳቱን ይዛ ወጣች። ይህን ብዙ ጊዜ ሳስበው እሷን መውቀስ አልችልም። ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የነፍስ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ይህን ያህል ቀን ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ ይለዋል። በሃምሳው ግን የነፍስ አባት እንኳ አያስጾምም። እንግዲህ ይታይሽ በሃምሳው ለነፍሷ የምትጾም ከሆነ፣ የሠራችው ነገር ሥርዓቱን እስከ ማፍረስ የሚያደርስ ከባድ ነገር መሆን አለበት። እትዬ ባንቻየሁ ያሰላችው እንዲህ ነው።

ወሬውን እኔ የሰማሁት ከልጇ ከስመኝ ነው። ትምህርት ቤት ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ነበር። በአንድ እግሯ ቆማ ጠጠሩን እየገፋች «እናትሽ ቀኖና ላይ ናት» አለችኝ።

«ምን አድርጋ?»

«እኔ ምን አውቄ። አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

ስመኝ ልክ ነበረች። አብሬያት እየኖርኩ አለማወቄ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። አላፈርኩም፤ ማፈር የሚገባው ነገር መሆኑም አልታየኝም። እናቴ ትልቅ ነገር ሠርታለች፣ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ፤ በቃ።

በዚያው ወር በሃያ አንድ እናቴ ወደ ማርያም ማኅበሯ ሄደች። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሷ ስለነበረች ጽዋውን ተረክባ መመለስ ነበረባት። ቤቱን ከጠዋት ጀምሮ አጽድታለች፣ ጽዋው የሚቀመጥበትን መደርደሪያ እኔ ነኝ የወለወልኩት። ባዶ እጇን ተመለሰች። «ቀኖናሽ እስኪያልቅ ይቆይ» ብለው ጽዋውን ለቀጣይዋ ሰጥተውታል። ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ቆየች። አባቴ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው።

«ታዲያ እውነቱን ንገሪያቸው» አላት።

«በጾም ዋሸች ይሉኛል።»

«አሁን ከሚሉሽ ይብሳል?»

«አሁን የሚሉት ሐሰት ነው፤ ያኛው ግን እውነት ነው» አለች እናቴ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት እውነተኛ ጥፋት መኖሩን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ተከተልኳት። ከኋላዋ፣ በእህል ሻጮቹና በበጎቹ መካከል እየተሹለከለክሁ። ቅቤ ተራ ስትደርስ ከነጠላዋ ሥር የአያቴን ቅል አወጣች። አንዲት ሴት ቅቤውን በጣቷ ነክታ አሸተተች፣ ትንሽ ተከራከሩ፣ ብር ተቀባበሉ። እናቴ ባዶውን ቅል ነጠላዋ ሥር መልሳ ግራ ቀኝ እያየች ሄደች። አገኘሁት አልኩ። አያቴ ለእኛ የላከችውን ቅቤ መሸጥ ነው ኃጢአቱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የነፍስ አባታችን ቄስ ምናለ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጡ። ሌላ ጊዜ ገና ከደጅ ሳሉ እየቀለዱ ነበር የሚገቡት። ያን ቀን በመስቀላቸው አሳልመውን መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ስታቀርብ በእጃቸው መለሱት።

«ይታይሽ፣ ሌላ አባት ይዘሻል አሉኝ።»

«ኧረ አልያዝኩም አባቴ።»

«እኔ ቀኖና አልሰጠሁሽም። ታዲያ በሃምሳው ማን አስጾመሽ?»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ቄስ ምናለ የተቀየሙ ይመስሉ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያዘኑ ናቸው። የነፍስ ልጃቸው ከድታ ወደ ሌላ የሄደች መስሏቸዋል። እኔ ጥግ ላይ ባቄላ እየለቀምኩ ነበር። ስለ ኃጢአት ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጠየቅሁ።

«አባ፣ ቅቤ መሸጥ ስንት ዓመት ያስጾማል?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው የሸጠ?»

በአገጬ እናቴን አመለከትኩ። እናቴ ያን ጊዜ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም አወጣችው። ብድሩን፣ ሰባቱን ዓመት፣ ከጽጌ ጀምሮ ያለውን ቅቤ። «አባቴ፣ ለእግዚአብሔር የምጾም አስመስዬ ለባንክ ጾምኩ» አለች። ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቄስ ምናለ የጠየቁት ነገር ግን የጠበቅሁት አልነበረም።

«ወለዱ በበዓልም ይቆጠራል?»

«በስቅለትም ይቆጠራል አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን አላውቅም ነበር» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሏት፤ «መቆጠብሽ ነውር የለበትም። ሽሮ መብላትም ኃጢአት አይደለም፣ ስንቱ ድኻ በሃምሳው ሽሮ ይበላል። ነገር ግን ሽሮውን ሽሮ በይው። ጾም አትበይው፤ የጾም ስም የአንቺ አይደለም።»

እናቴ ቀኖናዋን ጠየቀች። ቄስ ምናለ ፊታቸው ላይ የድሮው ቀልድ ብቅ አለ። «እስከ ጰራቅሊጦስ በየቀኑ ቅቤ ትበያለሽ።»

«ቅቤው እኮ ተሸጧል አባቴ።»

«ትገዢያለሻ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለማኅበርተኞችሽ በገዛ አፍሽ ትነግሪያለሽ።» ከዚያ ጠላውን አምጪ አሏት።

ቅቤ መግዛቱ አንጀቷን አቃጥሎታል፤ ከሸጠችበት ዋጋ በላይ ነበር የገዛችው። በእውነት የከበዳት ግን ሁለተኛው ነው። ወሩ እስኪደርስ እንጀራ ስታቀርብ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ፤ የምትናገረውን ትለማመድ ነበር። ዕለቱ ሲደርስ ዳቦውን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነሥታ ቆመች። የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት መሰለኝ። «ቀኖና አልነበረብኝም። የቤቱን ዕዳ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው። ቅቤውን እየሸጥኩ ጾም ነው አልኳችሁ» አለች፤ ቆማ ቀረች።

አንዲት አሮጊት ከጥግ «እኔ እኮ በባሏ ላይ መተት አስደግማ ነው ብዬ ነበር» አሉ።

«እኔ ደግሞ ጽንስ አስወርዳ ነው ብያለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለች ሌላዋ።

«እኔ ሰው የገደለች ነው የመሰለኝ» አለች ጠላ ቤት ያላት ሴትዮ፤ «ማንን ይሆን ብዬ ስንት ቀን የጠፋ ሰው ቆጠርኩ።»

ሣቁ የጀመረው ከዚያ ነው። እናቴ መጀመሪያ ፊቷን ሸፈነች፣ በኋላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መስሎኝ ቀረብኳት፤ እየሣቀች ነበር። ያልሣቀችው እትዬ ባንቻየሁ ብቻ ናት። ግንባሯን ቋጥራ ስታስብ ቆይታ «ቀድሞ መክፈል ይቻላል እንዴ?» አለች። ባሏ የአባቴ የቤት ማኅበር ጓደኛ ነበር። ከሴቶቹ አራቱ እንዲህ ዓይነት ዕዳ ነበረባቸው፤ ቀድሞ መክፈል እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ወደ ቦታዋ ሳትመለስ እዚያው እንደቆመች ስታስረዳቸው ቆየች። ጽዋውን ይዘን የተመለስነው እኔና እሷ ነን።

ከዚያ በኋላ ቁጠባው ስሙን ይዞ ቤታችን ተቀመጠ። ሴቶቹ ድንቹን በጋራ ከጉና በበቅሎ እያስመጡ ይከፋፈሉ ጀመር። እትዬ ባንቻየሁ በአጥሩ በኩል «ዛሬ ምንድን ነው?» ትላለች፤ እናቴ «ሽሮ፣ ለቤቱ» ትላታለች። የሃምሳው ቅቤና ሌሎች ነገሮች ተጨምረው ሰባቱ ዓመት ስምንት ሆነ። የቤቱ ካርታ ከባንክ በወጣበት ቀን አባቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ደጋግሞ አነበበው። እናቴ ከዳር እስከ ዳር አይታው፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሁን ሁለቱም የሉም። እኔ ያለሁት እዚያው ደብረ ታቦር፣ ከባለቤቴ ጋር በሠራነው የብሎኬት ቤት ነው። ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ኅዳር ነው። እስከ አርባው ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ጎረቤት በየተራ ምግብ እያመጣ ቆየ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፤ መመለስም አለበት። የሰፈራችን አጥር ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግንብ ነው። የማን ቤት ምን እንደሚሸት አይታወቅም። እናቴ ዛሬ ብትሆን ምስጢሯን አሥራ አምስት ዓመት ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። በልጅነቴ ያ የጎረቤት ዓይን ሸክም ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን እንደዚያ ማሰብ አቅቶኛል።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ በአንዱ ቀን ከሰዓት፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ወጣት መምህርት ሕይወት የውኃ ቁልፍ ልትጠይቀኝ ገባች። ፊቴ የነበረው ቆሎና ሻይ ነው። ሰሞኑን ምሳዬም እራቴም እሱ ነበር።

«እትዬ፣ እየጾሙ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ባል የሞተባት ሴት ብትጾም ማንም አይገረምም፤ እንዲያውም ይመረቅላታል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«አይ፣ ጾም አይደለም» አልኳት። «ለአንድ ሰው ማብሰል አልሆነልኝም። ስሠራ ለሁለት እየሆነብኝ ተውኩት።»

የሰጠኋትን ቁልፍ በእጇ እያገላበጠች ቆመች። ምን እንደምትለኝ የጨነቃት መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ «እኔ ደግሞ ብቻዬን መብላት ስለሚደብረኝ ነው ሁልጊዜ ዳቦ የምገዛው» አለችኝ። ወጣችና ሦስት እንቁላልና ግማሽ ሽንኩርት ይዛ ተመለሰች። እኔም መጥበሻውን ጣድኩ፤ ለሁለት ሰው።